የተለገሰ ኩላሊትና የረመዳን ፆም

«ሼህ፣ ኩላሊቱ የእህቴ ነው። እሷ እየፆመች እኔ በቀን ውሃ ስጠጣ ያሳፍረኛል።»

ኩላሊት የተተከለላቸው ምዕመናን ረመዳን ሲቃረብ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ላይ ላዩን ሲታይ የፊቅህ ጥያቄ ነው፤ ውስጡ ግን ሐፍረት አለበት። ስለዚህ «ተፈቅዶልሃል» ብሎ መሸኘት ብቻውን አይበቃም።

ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል የተከፈተው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ የሌለው እጥበት ላይ ይቆያል። በአገራችን ለጋሹ በሕይወት ያለ የቤተሰብ አባል ነው። የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለጋሹን የሚጎዳ እስካልሆነና ሽያጭ እስካልገባበት ድረስ ልገሳውን ፈቅዷል።

ንቅለ ተከላው ሲሳካ ብዙ ሰው በሽታው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት ሁልጊዜ እንደ ባዕድ ነው የሚያየው፤ እንዳያጠቃው የሚከለክሉት እንደ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን ያሉት ክኒኖች ናቸው። ታክሮሊመስ አብዛኛውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። አዲስ አበባ ላይ ከፈጅር እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ወደ 13 ሰዓት ተኩል ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ሐኪም ለአንዳንዱ ሰው ሰዓቱን ወደ ሱሁርና ኢፍጣር ሊያዞርለት ይችላል። የሚያዞረው ግን ሐኪሙ ነው፤ እኔም አይደለሁም፣ ጎረቤትም አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ልቆይ። የመድኃኒቱ መጠን በደም ሲለካ፣ ደሙ መቀዳት ያለበት የጧቱ ክኒን ከመዋጡ በፊት ነው። ሌሊት 11 ሰዓት በሱሁር ውጦ ጧት 3 ሰዓት ደም የሚሰጥ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሐኪሙ መፆሙን ካላወቀ መጠኑን ሊቀንስበት ይችላል፤ ኩላሊቱም ሳይጠበቅ ይቀራል። ሐኪምዎን ደብቀው አይፁሙ። ደም መስጠቱ ራሱ ፆም ያፈርሳል ብሎ የሚሰጋም አለ፤ ለምርመራ የሚቀዳ ደም አያፈርስም። በቀጠሮ ቀን ሐኪሙ ክኒኑን ከደሙ በኋላ ውጡ ካለ ግን ያ ቀን የፆም ቀን አይደለም፤ በሌላ ቀን ቀዳ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳር የሄዱት ጎረቤቶቻችን ለቀጠሮ ከጨለማ ጀምሮ ታክሲ ሲቀያይሩ ይውላሉ፤ ለእነሱ ያ ቀን ያለ ፆምም ከባድ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። በሱረቱል በቀራ በ184ኛውና በ185ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው ሌሎች ቀናትን ሰጥቷል። የመጀመሪያውን ዓመት ያልጨረሰ ወይም ኩላሊቱ የደከመበት ሰው እንዳይፆም ሐኪሞች ይመክራሉ። መሻል የሚጠበቅለት ቀዳ ያወጣል። የማይጠበቅለት በየቀኑ አንድ ምስኪን ያበላል፤ በሻፊዒዮች ዘንድ አንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ ሙሉ አንድ እፍኝ እህል፣ በሐነፊዮች ዘንድ ከዚያ ይበልጣል፣ በገንዘብም ይበቃል። ኩላሊታቸው ደህና ሆኖ የቆዩ ሰዎች ፆመው ጉዳት እንዳልታየባቸው ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ስለዚህ በሩ ለሁሉም አልተዘጋም።

በአቡ ዳውድ ዘገባ፣ ራሱን የቆሰለ ሰው በተየሙም እንዳይበቃው ባልደረቦቹ ከልክለውት ታጥቦ ሞተ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳያውቁ በፈረዱት ላይ እጅግ ተቆጡ። «ተወከል በአላህ፣ ክኒኑን ተወው» የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ይህ ሐዲስ ትዝ ይለኛል።

ስለ ኢፍጣሩ ባጭሩ፦ ውሃውን ከመግሪብ እስከ ሱሁር አከፋፍሎ መጠጣት፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት መተው። ግሬፕፍሩት የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ ጭማቂ ቤት ሲገቡ ምን እንደተቀላቀለ ይጠይቁ። የፆም ራስ ምታት ሲነሳ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥ ኩላሊት ይጎዳል። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ ባህላዊ መድኃኒት ሲወስዱ ለሐኪም ይንገሩ።

እህትየውስ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት እሷም በቁርኣኑ ቃል ሕመምተኛ ናት። ካገገመች በኋላ ሐኪሟ ከፈቀደላት በአንድ ኩላሊት ትፆማለች። ለወንድሟ የምነግረው፣ የሰጠችው ኩላሊት አማና መሆኑንና አማናው ከውሃው ብርጭቆ እንደሚጀምር ነው።