ያለ መኪና መኖር በአዲስ አበባ

ለትራንስፖርት መሐንዲሶች በተደጋጋሚ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች ጀርባ ያለው፣ በአዲስ አበባ ያለ የግል መኪና መኖር አይቻልም የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ አብዛኛው ነዋሪ ዛሬም የሚንቀሳቀሰው በእግሩ፣ በሚኒባስ ታክሲ፣ በአውቶቡስና በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ነውና።

ያለ መኪና መኖርን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው ቅይጥ የመሬት አጠቃቀም፣ ማለትም ቤት፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና ሥራ በአንድ አካባቢ መገኘታቸው ወይም አለመገኘታቸው ነው፤ መርካቶ አጠገብ የሚኖር ሰው ብዙ ጉዳዩን በእግሩ ሲፈጽም፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባ ቤተሰብ ግን መሀል ከተማ ለመድረስ ታክሲ እየቀያየረ፣ በተለይ ጠዋትና ማታ በረጅም ሰልፍ ይጠብቃል።

ለአካል ጉዳተኞችና አምሽተው ለሚሠሩ ሰዎች ችግሩ እጅግ የከፋ በመሆኑ፣ የእግረኛ መንገድና የማታ አውቶቡስ ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል።

ስለ ሰፈራቸው መጠየቅ የሚፈልጉ አንባቢዎች ጥያቄያቸውን ከታች ቢያሰፍሩ መልስ ይሰጣል።