በስሜን ተራራ የአንድ ቀን የእግር መንገዶች

ስሜን ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኝ ከፍተኛ ደጋ ነው። የጎብኝዎች መነሻ ደባርቅ ሲሆን፣ ከዚያ በገደሉ አፋፍ ወደ ምሥራቅ እያመሩ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ በሚባሉት ሥፍራዎች ያድራሉ፤ ከእነዚህም እየተነሡ በየቀኑ አንዳንድ መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። አገሩ በጎብኝዎች ዘንድ ሰው ያልነካው ዱር እየተባለ ይመሰገናል። መንገዶቹን የመረመረ ሰው ግን ዱር የተባለው ሥፍራ የገበሬና የእረኛ አገር እንደ ነበረ ይረዳል።

የመንገዱን ጠባይ ለመረዳት አስቀድሞ የመሬቱን አፈጣጠር ማወቅ ይገባል። ስሜን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የወጣ ቅልጥ ዐለት በላይ በላዩ እየፈሰሰና እየረጋ የሠራው ተራራ ነው። ጠንካራውና ልሉ ድርብ ስለ ተነባበሩ፣ ውሃ ልሉን ሲሸረሽር ጠንካራው እንደ ደረጃ ቆሞ ቀረ። በስተ ሰሜን ያለው ወገን ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን፣ በስተ ደቡብ ያለው በዝግታ ያዘቀዝቃል። ስለዚህ እርሻውም፣ ግጦሹም፣ መንገዱም የሚገኘው በዚሁ ዘቅዛቃ ደጋ ላይ ነው።

ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃ በር (3,250 ሜትር) የሚወስደው መንገድ አፋፉን ተከትሎ ይሄዳል። ጭላዳ ሌሊቱን በገደሉ ላይ አድሮ፣ ጧት ወደ ሜዳው ወጥቶ በመንጋ ሣር ሲነጭ የሚታየው በዚህ ነው።

ከሳንቃ በር ወደ ግጭ (3,600 ሜትር) የሚሄደው መንገድ ከዚህ ይከብዳል። መንገደኛው የጅንባር ውሃ 500 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ ሲወረወር በማዶ ተመልክቶ፣ ወደ ወንዙ ይወርድና ተሻግሮ ዳገቱን ይያያዘዋል። በታች አስታ የለበሰው መሬት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ለጓሳና ለጅባራ ሥፍራውን ይለቃል።

ከግጭ ተነሥቶ እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ደርሶ መመለስ በአንድ ቀን ይቻላል። እሜት የተከበረች ሴት የምትጠራበት ቃል ነው። ጫፉ በሦስት ወገን ገደል ስለሆነ፣ የቆላው አምባና ሸለቆ ከዚያ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ከቀትር በኋላ ጉም ከቆላ ወደ አፋፉ ስለሚወጣ፣ ማለዳ ያልተነሣ ሰው አገሩን ሳያይ ይመለሳል።

ከጨነቅ ወደ ቧሂት (ወደ 4,430 ሜትር) የሚወጣ ደግሞ በገደሉ ከንፈር ላይ ዋልያ ለማየት ተስፋ አለው። ከላይም ሲደርስ ከመሸሃ ሸለቆ ማዶ ራስ ደጀንን ይመለከታል።

ከእነዚህ መንገዶች አብዛኛውን የተለመው የአገሩ ሰው እግርና የጭነት ከብት ኮቴ ነው። በአገሩ ልማድ ርቀት የሚነገረው የግማሽ ቀን፣ የአንድ ቀን መንገድ እየተባለ ስለሆነ፣ ዛሬ ጎብኝው የሚሄድበት ልክ ባላገሩ ቀድሞ የሚቈጥርበት ልክ ነው። የግጭ ነዋሪዎች አብዛኞቹ እስላሞች ነበሩ፤ በዚያ ብርድ ሌላ እህል እምብዛም ስለማይበቅል ገብስ ያርሱ፣ በግና ከብት ያረቡ ነበር።

አገሩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። በ1989 ዓ.ም. የዋልያው ቍጥር በማነሡ፣ እርሻና ግጦሽም በመስፋቱ፣ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የግጭ አባወራዎች ካሳ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ሣሩ እንዲያገግም፣ አራዊቱም እንዲያርፉ የታሰበበት ይህ ሥራ፣ ገበሬውን ከእርሻው አላቅቆ የከተማ ኑሮ እንዲጀምር አድርጎታል።

ከመንደሩ መነሣት ጋር ሌላም ነገር አብሮ ተነሥቷል። የወንዙ መሻገሪያ፣ የጉሙ ሰዓት፣ የየጉብታውና የየምንጩ ስም በነዋሪው አፍ የሚኖር ዕውቀት ነው እንጂ በካርታ ላይ በሙሉ የተጻፈ አይደለም። መንገድ ሰው ሲሄድበት ይቈያል፤ ስሙ ግን የሚጠራው ሲያጣ ይጠፋል። የስሜንን መንገዶች ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ እንግዲህ ተራራውን ከመውጣቱ በፊት፣ በደባርቅ የሚኖሩትን የግጭ ሽማግሌዎች መጠየቅ ይኖርበታል።