የኤዲንብራ ግንብ፦ የጠፋው የተገኘበት አምባ

በስኮትላንድ ርዕሰ ከተማ በኤዲንብራ፣ እሑድና ጥቂት በዓላት ካልሆኑ በቀር፣ በየቀኑ አንድ መድፍ ይተኮሳል። ጊዜው በእነሱ አንድ ሰዓት፣ በእኛ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። እንግዳው ይደነግጣል፤ የከተማው ሰው ግን ሰዓቱን አየት አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ልማዱ የተጀመረው በ1861 ሲሆን (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓላማውም በአቅራቢያው የባሕር ወሽመጥ ያሉ መርከበኞች ሰዓታቸውን እንዲያስተካክሉ ነበር። “እኩለ ቀን ላይ ቢሆን ምን ነበረበት?” ለሚል ሰው ከተማው በቀልድ ይመልሳል፤ በእነሱ አቆጣጠር እኩለ ቀን 12 ሰዓት ነውና 12 ጥይት ሊያስወጣ ነው፤ በአንድ ሰዓት ግን አንዱ ይበቃል። ስኮትላንዳውያን በቆጣቢነት ይታማሉ፤ እነሱም ሐሜቱን አይጠሉትም።

መድፉ የሚጮኸው ከከተማው መካከል ብድግ ካለ ጥቁር አለት አናት ነው። የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮች የሚያውቅ ሰው ቦታውን ቢያይ “ይህማ አምባ ነው” ማለቱ አይቀርም፤ ሦስት ጎኑ ገደል፣ መውጫው በምሥራቅ በኩል ብቻ። አለቱ ከ340 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ ቀዝቅዞ የጠጠረ ነው። በበረዶ ዘመን ከምዕራብ የተንሸራተተው የበረዶ ግግር በዙሪያው የነበረውን ለስላሳ ድንጋይ ጠርጎ ሲወስድ ይህን ግን አልቻለውም። ከአለቱ ጀርባ ተከልሎ የተረፈው ዘቅዛቃ መሬት ዛሬ “ሮያል ማይል” የሚባለውን የአሮጌውን ከተማ ዋና መንገድ ተሸክሟል።

እንዲህ ያለ ቦታ ጦር አያጣውም። ተመራማሪዎች ቆጥረው እንደደረሱበት ግንቡ 26 ጊዜ ተከቧል ወይም ጥቃት ተሰንዝሮበታል። የሚገርመው ግን ብዙ የተወራላቸው ድሎች የተገኙት በመድፍ አለመሆኑ ነው። በ1314 ግንቡ በእንግሊዞች እጅ ሳለ የስኮትላንዱ ንጉሥ የሮበርት ብሩስ የእህት ልጅ ቶማስ ራንዶልፍ ሰላሳ ሰው አስከትሎ በሌሊት ገደሉን ወጣ። መንገዱን ያሳየው ዊሊያም ፍራንሲስ የሚባል ሰው ነበር። በወጣትነቱ ግንቡ ውስጥ ሲኖር ከተማ ያለች ወዳጁን ለማየት ሌሊት ሌሊት በዚያው ገደል ይወርድ ነበር ይባላል፤ ገደሉን በዳሰሳ ያውቀዋል። ግንቡ በፍቅረኛ መንገድ ተያዘ። ብሩስም ጠላት ተመልሶ እንዳይመሽግበት አፈረሰው። በ1341 ደግሞ እንደገና እንግሊዞች ይዘውት ሳለ፣ ነጋዴ መስለው የመጡ ስኮትላንዳውያን ጭነታቸውን በሩ ላይ ዘርግፈው እንዳይዘጋ አደረጉና ገቡ።

ከውስጥ የተፈጸመውም ከውጭው አያንስም። በኅዳር 1440 የአሥር ዓመቱ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ በተቀመጠበት ግብር ላይ የኃያሉ የዳግላስ ቤት ወራሽ፣ ገና የ16 ዓመት ገደማ ልጅ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተጋበዘ። ጋባዦቹ በሕፃኑ ንጉሥ ስም አገር የሚገዙ መኳንንት ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከማዕዱ ተነሥተው የይስሙላ ችሎት ቀረቡ፣ ወዲያውም አንገታቸው ተቆረጠ። እስከዚህ ድረስ ታሪክ ነው። አፈ ታሪኩ ደግሞ የሞት ምልክት የሆነ የጥቁር በሬ ራስ በሳሕን ቀርቦላቸው ነበር፣ ትንሹ ንጉሥም እያለቀሰ ለምኖላቸው ነበር ይላል። “ጥቁሩ ግብር” የሚለው ስም እስከ ዛሬ አለ።

ይሁንና የዚህ ግንብ ታሪክ ከገደለው ይልቅ በደበቀው ይደምቃል። የስኮትላንድ ንግሥት ማርጋሬት ባሏና የበኩር ልጇ በጦር ሜዳ መውደቃቸውን በሰማች በቀናት ውስጥ በ1093 ዐረፈች፤ በኋላም ቅድስት ተባለች። ልጇ ቀዳማዊ ዴቪድ በ1130 ገደማ በስሟ ትንሽ የጸሎት ቤት አሠራ። ብሩስ ሌላውን ሁሉ ሲያፈርስ ጸሎት ቤቷን ተወ። በኋላ ግን ጸሎቱ ቀርቶ ባሩድ ማከማቻ ሆነች፣ ምን እንደነበረችም ተረሳ። በ1845 ዳንኤል ዊልሰን የሚባል የጥንት ታሪክ ተመራማሪ አጥንቶ ማንነቷን ለየ። ዛሬ በኤዲንብራ ከቆሙት ሕንፃዎች ሁሉ አንጋፋዋ እሷ ናት።

የስኮትላንድ ዘውድም እንዲሁ ጠፍቶ ነበር። ንግሥት ሜሪ በ1566 በግንቡ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል የወለደችው ሳድሳዊ ጄምስ በ1603 የእንግሊዝንም ዙፋን ወረሰና ወደ ለንደን ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ስኮትላንድን ያያት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በ1650ዎቹ የእንግሊዙ አዛዥ የክሮምዌል ጦር ሲመጣ ዘውዱ፣ በትረ መንግሥቱና ሰይፉ በገጠር ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀብረው ዳኑ። በ1707 ሁለቱ አገሮች በአንድ ምክር ቤት ሲጠቃለሉ ግን ሥራ ፈቱና በግንቡ ክፍል በሣጥን ተቆለፈባቸው። ዓመታት ሲያልፉ “እንግሊዞች ወስደዋቸዋል” ተባለ። ደራሲው ዋልተር ስኮት አላመነም፤ ፈቃድ አስገኝቶ በየካቲት 1818 ሣጥኑን አስከፈተ። ሦስቱም እንደተጠቀለሉ ተገኙ።

ሞንስ ሜግ የተባለችውንም ግዙፍ መድፍ ያስመለሰው የስኮት ውትወታ ነው። በ1449 በዛሬዋ ቤልጅየም የተሠራችው ይህች መድፍ ከስድስት ቶን በላይ ትመዝናለች፤ የምትተኩሰው ድንጋይ 150 ኪሎ ይሆናል። ለክብር ስትተኮስ አፈሙዟ ከፈነዳ በኋላ በ1754 ወደ ለንደን ተወሰደች፣ በ1829 ተመለሰች።

ከእነዚህ ሁሉ ዘግይቶ የተመለሰው የስኮትላንድ ነገሥታት መንገሻ ድንጋይ ነው። የእንግሊዙ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 ማርኮት በለንደን ዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ከዙፋን ሥር አኖረው። አፈ ታሪኩ ያዕቆብ በቤቴል የተንተራሰው ድንጋይ ነው ይላል፤ የድንጋይ ሊቃውንት ደግሞ እዚያው ስኮትላንድ፣ ጥንት ይቀመጥበት ከነበረው ከስኮን አካባቢ የተቆረጠ ነው ይላሉ። በ1950 የገና ሌሊት አራት ተማሪዎች ሰርቀው አወጡት፤ በወራት ውስጥ ተገኝቶ ለንደን ተመለሰ። በሕግ ወደ አገሩ የገባው በ1996 ነው፣ ከ700 ዓመት በኋላ። በግንቡ ከዘውዱ ጎን ቆይቶ በ2024 ወደ ፐርዝ ሙዚየም፣ ወደ ጥንት ስፍራው አቅራቢያ ተዛወረ።

አምስተኛው ታሪክ ከግንቡ ውስጥ ሳይሆን ከግርጌው ነው፤ እኛንም ይመለከተናል። ከአለቱ ሥር፣ በፕሪንስስ ጎዳና ጫፍ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከሌላ አምባ፣ ከመቅደላ፣ ከዘረፋቸው ታቦታት አንዱ በአንድ የጦር መኮንን እጅ እዚህ ደርሶ ከቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ2001 አንድ የዚያ ቤተ ክርስቲያን ካህን አገኙት። ቀድሞ ኢትዮጵያ ኖረው ነበርና ያዩት እንጨት ምን እንደሆነ ገባቸው። በ2002 ታቦቱ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ የአዲስ አበባ ምእመናን በእልልታ ተቀበሉት።

ዊልሰን ከባሩዱ ማከማቻ ውስጥ መቅደስ አየ፤ ስኮት ከወሬው ይልቅ ሣጥኑን አመነ፤ ካህኑ ሌላው እንደ ዕቃ ያለፈውን ታቦት ብለው ጠሩት። የጠፋውን ቁልፍና ግድግዳ ጠብቀውት ሊሆን ይችላል፤ የመለሰው ግን የሚያውቀው ሰው ነው።

ሳይመለስ የቀረ አንድ አለ። ከግንቡ ሥር ወደ ሮያል ማይል የሚወርድ ዋሻ ተገኘ ይላል ተረቱ። ጠባብ ስለነበር አንድ ትንሽ ልጅ ባግፓይፕ እየነፋ እንዲገባ ተደረገ፤ ከላይ ያሉት ድምፁን እየተከተሉ የዋሻውን አቅጣጫ ሊያውቁ ነው። ዜማው ከመንገዱ ሥር እየተሰማ ሄደ ሄደና ግማሽ ላይ ቀጥ አለ። ፈለጉት፣ አጡት፣ የዋሻውን አፍ ደፍነው ሄዱ። ሌሊት ጸጥ ሲል ዜማው ዛሬም ይሰማል ይላሉ። ተረቱ የዋሻውን መንገድ፣ የቆመበትን ቦታ፣ የዜማውን መቋረጥ ሁሉ ይነግረናል። የልጁን ስም ግን አይነግረንም፤ ማንም አልያዘውም።