ከካሜራው ላይ የወረደው ፍላሽ

በካሜራው አናት ላይ ተሰክቶ ከሌንሱ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚበራ ፍላሽ ጨለማውን ከመግፈፍ ያለፈ ሥራ እምብዛም አይሠራም፤ ብርሃኑ ከተመልካቹ ዐይን ወገን ስለሚመጣ በአፍንጫ፣ በጉንጭና በአገጭ ዙሪያ ሊታይ የሚገባው ጥላ ወደ ኋላ ይደበቅና ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ወዝ ያለው ግንባርም ያብለጨልጫል። ይኸው ፍላሽ ወርዶ ከተነሺው በስተጎን፣ ከዐይኑ ጥቂት ከፍ ብሎ በስታንድ ላይ ሲቆም ግን አንዱ ጉንጭ በርቶ ሌላው ቀስ በቀስ ወደ ጥላ ይገባል፤ የፊትን ቅርጽ የሚያስረዳውም ይህ ጥላ ነው።

አሠራሩ አዲስ ቢመስልም ከካሜራው የሚለይ ፍላሽ ካሜራው ላይ ከሚሰካው ይቀድማል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1887 ጀርመናውያኑ አዶልፍ ሚተና ዮሐንስ ጌዲከ ከማግኒዥየም የቀመሙት የብልጭታ ዱቄት በእሳት የሚለኮስና ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለነበር ከካሜራው ራቅ ብሎ መንደዱ ግድ ነበር፤ ጋዜጠኛው ጃኮብ ሪስ በኒውዮርክ የድሆችን ጨለማ መኖሪያዎች ያሳየውም በዚህ ዱቄት ነው። በ1930ዎቹ ሃሮልድ ኤጀርተን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያዳበረው የኤሌክትሪክ ፍላሽ ነገሩን ከእሳት አላቀቀው። የዛሬዎቹም ፍላሾች ከባትሪ የተቀዳውን ኃይል ካፓሲተር በተባለው የኤሌክትሪክ ማከማቻ ካጠራቀሙ በኋላ ዜኖን ጋዝ በተሞላ ቱቦ ውስጥ በቅጽበት ይለቁታል።

ፍላሹ ከወረደ በኋላ ትልቁ ጥያቄ የት ይቁም የሚለው ነው። ከአንድ ትንሽ ምንጭ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ በሠርግ ላይ ፍላሹ ከመጀመሪያዋ ሚዜ 1 ሜትር፣ ከመጨረሻዋ 2 ሜትር ርቆ ቢቆም ለመጨረሻዋ የሚደርሳት የመጀመሪያዋን ሩብ ብቻ ነው፤ ስታንዱ ወደ ኋላ ተስቦ ርቀቱ 3 እና 4 ሜትር ሲሆን ግን የኋለኛዋ ድርሻ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የፍላሹን ኃይል በመጨመር ይደክማሉ፤ መፍትሔው ግን ጥቂት እርምጃ ነው።

የብርሃኑ ልስላሴ ደግሞ ከተነሺው አንጻር ምንጩ ሰፊ ሆኖ በሚታይበት መጠን ይወሰናል። ጨርቅ የለበሰው ሣጥን፣ ማለትም ሶፍትቦክስ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት ከፊት 1 ሜትር ላይ ሲቆም ጥላውን ያለዝበዋል፤ ይኸው ሣጥን 4 ሜትር ሲርቅ ጥላው ይጠነክራል። ጠይም ፊት ከነጭ የሐበሻ ቀሚስ ጋር ሲነሣ ይህ ጉዳይ ጎልቶ ይታያል፤ ለፊቱ የሚበቃው ብርሃን ጥበቡን አቃጥሎ የሽመናውን መልክ ሊያጠፋ ስለሚችል ሣጥኑን ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ማቅረብ፣ የብርሃኑም ጠርዝ ብቻ ቀሚሱን እንዲነካው ማዞር ይበጃል። ሰፊው ምንጭ በጠይም ቆዳ ላይ የሚጥለው ወዝ ሰፋ ብሎ የጉንጩን ቅርጽ ሲያሳይ፣ ያልተሸፈነ ፍላሽ ግን ያንኑ ወዝ ወደ ነጭ ነጥብ ይለውጠዋል።

ፍላሽ የሚበራው ከሰከንድ ሺህኛ ባልራቀ ጊዜ በመሆኑ የመዝጊያው፣ ማለትም የሹተሩ፣ ፍጥነት በፍላሹ ብርሃን ላይ ብዙም አይሠለጥንም፤ የሚሠለጥነው በአካባቢው ብርሃን ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ፍጥነቱ ከ1/60 ወደ 1/200 ሰከንድ ቢቀየር ሰማዩ ይጠቁራል፣ በፍላሽ የበራው ፊት ግን አይለወጥም። ድንበሩ በብዙ ካሜራዎች 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ሲታለፍ የመዝጊያው ሁለት መጋረጃዎች በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ክፍት ስለማይሆኑ በፎቶው ላይ ጥቁር ሰቅ ይታያል። ይህን ለማለፍ ፍላሹ በተከታታይ እንዲርገበገብ የሚያደርግ ዘዴ ቢኖርም የፍላሹን ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል።

ካሜራውንና ፍላሹን ያለ ገመድ የሚያገናኘው ትሪገር በራዲዮ ሞገድ ቢሠራ ይመረጣል፤ የሌላ ፍላሽ ብልጭታ አይቶ የሚነሣው ዓይነት በቀትር ፀሐይ ይስታል። የፍላሽን ጉልበት የሚነግረውን ጋይድ ነምበርም በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ 60 የተባለ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 8 የሌንስ ቀዳዳ 7.5 ሜትር ያበራል ቢባልም አምራቾች ብዙ ጊዜ የሚለኩት ብርሃኑን አጥብበው ስለሆነ ሶፍትቦክስ ሲገባበት ርቀቱ በጣም ያጥራል።

ለጀማሪ አንድ ፍላሽ፣ አንድ ትሪገር፣ አንድ ስታንድና አንድ ነጭ ጃንጥላ ይበቃሉ። ጃንጥላ የተሸከመ ስታንድ ቀላል ነፋስ ስለሚጥለው፣ ከቤት ውጭ የሚሠራ ባለሙያ ከሁለተኛው ፍላሽ በፊት በስታንዱ እግር ላይ የሚያሳርፈው አሸዋ የተሞላ ከረጢት ያዘጋጅ።