ለቡፌ የተዘለለ ቁርስ

ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምሳ ተጋብዘዋል እንበል። የድሮው ሰፈር አብዛኛው በመልሶ ማልማት ቢነሳም ትልልቆቹ ሆቴሎች እንዳሉ ናቸው፤ ቡፌያቸውም እንደዚያው። አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ከዚያ እስኪጠግቡ ማንሳት ነው። ታዲያ ጠዋት ቤት ውስጥ ቁርስ ሲቀርብ ብዙዎቻችን ምን እንላለን? «ይቅርብኝ፣ ዛሬ ቡፌ ነው፤ ሆዴን ባዶ ላድርገው።»

ይህን ካሉ አንድ አባት ጋር የተገናኘሁት ተረኛ በነበርኩበት የድንገተኛ ክፍል ነው። ቀኑ የልጃቸው የምርቃት ቀን ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየጠዋቱ ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። የዚያን ቀንም ኪኒናቸውን እንደ ታዛዥ ታካሚ ዋጡ፤ ቁርሱን ግን ለቡፌው ብለው ተዉት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሰሃን ይዘው ሰልፍ ላይ ሳሉ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቃቸው። ዘመዶቻቸው «ረኃብ ነው፣ ይቅደሙ» ብለው አሳለፏቸው። እሳቸውም ቀድመው ሰላጣ ማንሳት ጀመሩ፤ ጠረጴዛቸው ጋ ሳይደርሱ ወደቁ። እኛ ጋ ሲመጡ የደማቸው ስኳር 38 ነበር። ከ70 ሲወርድ ነው ዝቅተኛ የምንለው።

የሆነው ይህ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽት ኢንሱሊን እንድታመነጭ ያስገድዳል፤ ምግብ መጣም አልመጣም ሥራውን አያቆምም። ምግቡ ሲቀር ኢንሱሊኑ ያለውን ስኳር ጠራርጎ ያወርደዋል። ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስዱም እንዲሁ ናቸው። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። «እንግዲያው ኪኒኑንም ልዝለለው» የሚሉም አጋጥመውኛል፤ እነዚህ ደግሞ ማታ ስኳራቸው ሰማይ ነክቶ ይመጣሉ። የግብዣ ቀን መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። ቁርሱን ግን አይዝለሉ።

ሰልፍ ላይ የቆመ የስኳር ሕመምተኛ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ንግግሩ ቢዘበራረቅ ወይም ያለ ምክንያት ቢነጫነጭ፣ ወደ ወጡ ሳይሆን ወደ ስኳሩ ይውሰዱት። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ይስጡት፣ ዳይት የሚባለውን አይደለም። ኬክና ቸኮሌት ቅባት ስላላቸው ይዘገያሉ። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገሙለት፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝተው 907 ይደውሉ ወይም ወደ ቅርብ ሆስፒታል ይውሰዱት። ኪኒኑ ግሊቤንክላማይድ ከሆነ ተሻለኝ ቢልም ይታይ፤ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። እኚያን አባት አሳድረን የተከታተልናቸው ለዚህ ነበር። ማታ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ምሳው ነው፤ «ተከፍሎበት ነበር እኮ» አሉ።

ስኳር የሌለብዎትም ቢሆን ሆድን ባዶ አድርጎ መሄድ አይጠቅምዎትም። የጠገብኩ ስሜት ወደ አእምሮ ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የራበው ሰው ደግሞ በፍጥነት ስለሚበላ ስሜቱ ሳይመጣ ሁለተኛው ሰሃን ያልቃል። ጃፓኖች ቡፌን «ባይኪንጉ» ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ቶኪዮ የሚገኘው ኢምፔሪያል ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1958 በአገሩ የመጀመሪያ የሆነውን ቡፌ «ቫይኪንግ» ብሎ ሲከፍት ነው። ዛሬ ሱሺን ሳይቀር አንድ ጊዜ ከፍለው እስኪበቃቸው ይበሉበታል። የዚያው አገር የኦኪናዋ አዛውንቶች ግን ሆድ ከአሥር እጅ ስምንት እጅ ሲሞላ ማቆምን ይመክራሉ። እኛ ጋ ስምንት ላይ እጅ የሚያነሳ ሰው «በሞቴ» የሚል ጉርሻ ይጠብቀዋል፤ እሱን በፈገግታ መመለስ ልምምድ ይፈልጋል።

ረቡዕና ዓርብ የሚዘጋጀው የጾም ቡፌ ቀላል ይመስላል። ቂርቆስ አካባቢ በምሳ ሰዓት ሰሃኖቹን ልብ ብለው ይዩ፦ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ ከሥር እንጀራ፣ ከጎን ዳቦ። አምስቱም ስኳር የሚሆኑ ናቸው። ከአምስቱ አንዱን ይምረጡ፤ ቀሪውን ቦታ ለጎመን፣ ለምስርና ለሽሮ ይተዉ። ከማንሳትዎ በፊት ባዶ እጅዎን ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረው ይዩት። ትኩስ የሚባለው ምግብ እንፋሎት ከሌለው ይለፉት፤ የበሰለ ምግብ ሳይሞቅ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

ሱሺ ከገጠመዎት ሩዙ በስኳርና በጨው የተቀመመ መሆኑን ያስታውሱ። ደም ግፊት ላለበት ሰው የባሰው ግን አኩሪ አተር ሶሱ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው ለአዋቂ ከሚመከረው የቀን ጨው ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በጥሬው የሚቀርብ ዓሣ አስቀድሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለ7 ቀናት መቀዝቀዝ አለበት፤ ጥገኛ ትሎችን የሚገድለው እሱ ነው። አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር የለውም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በሚጥሚጣ የሚበላው ጥሬ ዓሣ በዚህ አላለፈም፤ ሎሚውም ሚጥሚጣውም ትል አይገድሉም። ቡፌው ጥግ ተሰቅሎ የሚቆረጠው ጥሬ ሥጋም ያው ነው፤ የኮሶ ትል በአዋዜ አይሞትም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጥሬውን ሁሉ ይተዉት።

እኚያ አባት አሁን ክትትል ላይ ናቸው፤ መድኃኒታቸውንም ቀይረንላቸዋል። በቅርቡ ሠርግ ተጠርተው ነበር። ጠዋት ሻይ በዳቦ በልተው፣ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ይዘው ሄዱ። ሰልፉ ረጅም ነበር አሉኝ።