ጨረር ጄሉን ሲያነጣው

እዚህ ሐዋሳ ስለ ካንሰር የጨረር ሕክምና በተነሳ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይከተላሉ። ጨረሩ ጤነኛውን አካል አይነካም ወይ? የታከመውስ ሰው ጨረር ይዞ ይመለሳል? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበር፣ ብዙዎች ሥጋታቸውን ይዘው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል። እኔ ማስረዳት የምጀምረው ከማጀት ነው።

ቡላ በውኃ ተበጥብጦ እሳት ላይ ሲማሰል ይጠጥራል። የስታርቹ ረጃጅም ሰንሰለቶች ውኃውን በመካከላቸው ይዘው ያስቀሩታል። ጄል የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰንሰለቶቹን ደግሞ ኬሚስቶች ፖሊመር ይሏቸዋል።

ከኮባልት-60 የሚወጣውን ዓይነት ጋማ ጨረር በጄል ውስጥ ሲያልፍ ይበልጡን የሚመታው ውኃውን ነው። ከውኃው የሚወጡት ስባሪዎች ዕድሜያቸው ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ቢሆንም ያገኙትን ይነካሉ። ውጤቱ እንደ ሰንሰለቱ ዓይነት ይለያያል። ስታርችን ይቆራርጡታል፤ ከፍተኛ ጨረር ያገኘው ቡላችን ይቀጥናል ማለት ነው። ፖሊቪኒል አልኮል የተባለውን ግን በውኃ ውስጥ እርስ በርሱ ያስተሳስሩታል።

ለካንሰር ሕክምና የጠቀመው ይህ ማስተሳሰሩ ነው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ማሪያንስኪ፣ ጎር እና ባልደረቦቻቸው አክሪላማይድ የተባለ ኬሚካል ከጄላቲን ጋር አዋህደው የሠሩት ጄል፣ ጨረር ያረፈበት ቦታ ላይ ነጣ። ጥቃቅኖቹ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው ሰንሰለት ሲሆኑ ጄላቲኑ ባሉበት ይይዛቸዋል። ጨረሩ በበረታበት ይበልጥ ይነጣል፤ ባልደረሰበት ጠርቶ ይቆያል። ተራው መለኪያ የአንዲት ነጥብን፣ ፊልም የአንድ ገጽን መጠን ሲነግረን፣ ጄሉ በኤም አር አይ ሲነበብ ሙሉውን ቅርጽ ያሳያል። ለሕመምተኛው የታቀደው ጨረር አስቀድሞ ለጄሉ ይሰጥና ከዕጢው አልፎ የት እንደሚፈስ ይታያል። ጨረር በመንገዱ ያለውን ጤነኛ አካል ጨርሶ አይምርም፤ ቁም ነገሩ ምን ያህል እንደሚደርሰው ማወቁ ላይ ነው።

የጄሉ ጠላት ኦክስጅን ነው፤ ጥቂት አየር ከገባበት መንጣቱ ይሰናከላል። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የቀረበው መላ አይገርምም? ቫይታሚን ሲ እና ጥቂት መዳብ ኦክስጅኑን እንዲያስወግዱ ተደረገ። ሆኖም አክሪላማይድ መርዛማ ስለሆነ ዝግጅቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ንባቡም ውድ መሣሪያ ይሻል።

ሁለተኛው ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ጋማ ያለፈበት ጄል ራሱ ጨረር አይረጭም። ከውጭ በመሣሪያ የታከመ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ታክማ የተመለሰችን እናት ልጆቿ ያለ ሥጋት ሊያቅፏት ይችላሉ።