የማታውን አትዝለሉት

ጠዋት ጠዋት መፋቂያ በአፉ ይዞ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ለአዲስ አበባ ብርቅ አይደለም። መፋቂያው ጥሩ ነው፤ ጫፉ ለስልሶ ድድን እስካልቧጠጠ ድረስ ቆሻሻውን ያነሳል።

ችግሩ ማታ ነው። እራት በልተን፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥተን ዝም ብለን እንተኛለን። በእንቅልፍ ሰዓት ምራቅ ይቀንሳል፤ ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ አሲድ እየለወጠ ጥርስን ሲጎዳ ያድራል። ስለዚህ ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ሁለት ደቂቃ ቦርሹ። አረፋውን ተፉት እንጂ በብዙ ውኃ አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርስ ላይ ይቆይ።

ሌላው ደግሞ፣ «ስቦርሽ ድዴ ይደማል» ብሎ ብሩሹን የሚጥለው ሰው ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ደሙ አብዛኛውን ጊዜ ድድ ሥር ቆሻሻ ተጠራቅሞ ድዱ መቆጣቱን የሚያሳይ ነው፤ መቦረሽ መተው ጭራሽ ያብሰዋል። በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልቆመ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። እኛ ግን ሐኪም ጋ የምንሄደው ሕመሙን በቅርንፉድ ስናስታግስ ከርመን፣ እንቅልፍ ሲነሳን ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ማስነቀል ብቻ ይሆናል።